ስልኩ ከዓይን በኋላ ይውጣ፦ የተፈጥሮ ትምህርት ከአትክልት ተራ

ስልክ የልጆችን የተፈጥሮ ትምህርት የሚያግዘው ዓይንና እጅ ቀድመው ከሠሩ ነው። አትክልት ተራን እንውሰድ። ካሮት ሥር፣ ድንች ከአፈር ሥር ያበጠ ግንድ፣ ጎመን ቅጠል፣ አበባ ጎመን አበባ፣ ቲማቲም ፍሬ ነው፤ የተክል ክፍሎች ሁሉ በአንድ ገበያ ተደርድረዋል። ልጁ መጀመሪያ ይዳስስ፣ ያሽትት፣ ይገምት። ከዚያ ካሜራው የቅጠሉን ደም ሥር አጉልቶ ያሳየዋል፤ ፎቶው ደግሞ በግቢ ወይም በማሳ ላይ ካለው ተክል ጋር ለማነጻጸር ይቆይለታል። ገበያው መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ የሐበሻ ጎመን መገኛው አገራችን መሆኑን ያወቀ ልጅ የሚበቅልበትን ማየት ይፈልጋል።

«ስልክ ልጅን ያፈዛል» የሚለው ስጋት እውነት አለው። ስለዚህ ለአምስት ልጆች አንድ ስልክ፣ እሱም በአዋቂ እጅ ይበቃል። «ተክልን ከፎቶ የሚለይ መተግበሪያ ይሳሳታል» ለሚሉም መልስ አለ፦ እንደ አይናቹራሊስት ያሉ መተግበሪያዎች ከፎቶ ስም ሲጠቁሙ ግምት ነው የሚሰጡት። ግምቱን ከሻጭዋ እናት ዕውቀት ጋር ማመሳከር ራሱ ሳይንስ ነው። መሣሪያውን መልመድ ለልጆች አይከብድም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪ ታብሌት ያለ አስተማሪ የተሰጣቸው ሕፃናት መሣሪያውን ራሳቸው ከፍተው ተጠቅመውበታል። ልጆቻችን የሚሹት መሣሪያውን የሚያሳያቸው ሳይሆን ጥሩ ጥያቄ የሚጠይቃቸው አዋቂ ነው።