ለኤል ኢ ዲ መብራት ተስማሚውን ቺፕ ስለ መምረጥ

የጣና ውኃ የኤሌክትሪክ ብርሃን መስጠት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ሲሆን፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ መስመሩ ላልደረሰው የሐይቁ ዳር ገበሬ፣ በሌሊት በታንኳ ለሚጓዝ ሰው፣ እንዲሁም መብራት ሲጠፋ ሱቁን መዝጋት ለማይሻ የባሕር ዳር ነጋዴ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የኤል ኢ ዲ መብራት እጅግ ይጠቅማል። ይህን መብራት በገዛ እጁ ለሚገጣጥም ባለሙያና ዕቃውን ለሚያቀርብለት ነጋዴ የቺፑ አመራረጥ የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነው፤ በወር ውስጥ የተቃጠለ መብራት ገዢውን ዳግመኛ ወደዚያው ሱቅ አይመልሰውምና።

በመጀመሪያ የኤል ኢ ዲን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ሽቦው ግሎ የሚያበራው የቀድሞ አምፖል ቮልቱ ጥቂት ቢጨምር ብርሃኑ በመጠኑ ይጨምራል እንጂ ወዲያው አይጎዳም። ኤል ኢ ዲ ግን በጥቂት የቮልት ጭማሪ የሚያልፍበት ኮረንቲ እጅግ ይበዛል፤ ሲሞቅም ይብሱን ይስባል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። የ12 ቮልት ባትሪ የሚባለውም ሲደክም ወደ 11 ይወርዳል፤ በሚሞላበት ጊዜ እስከ 14.4 ቮልት ይደርሳል። ስለዚህ ቮልቱ ቢለዋወጥም ኮረንቲውን በአንድ መጠን የሚጠብቅ ቺፕ ያስፈልጋል። ተራው ባለ1 ዋት ነጭ ኤል ኢ ዲ የሚፈልገው 350 ሚሊ አምፔር ያህል ሲሆን፣ የሚወስደውም 3.2 ቮልት ገደማ ነው።

ሦስት የታወቁ ቺፖችን ማነጻጸር ይበቃል። አንደኛው ኤል ኤም 317 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ 1.25 ቮልት ለሬዚስተሩ ኦም ሲካፈል የኮረንቲው መጠን ይገኛልና፣ 3.6 ኦም የሆነ አንድ ሬዚስተር ብቻ ይበቃዋል። ጉድለቱ ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት መለወጡ ነው። ሁለት ኤል ኢ ዲ ተከታትለው ቢያያዙ 6.4 ቮልት ይወስዳሉ፤ የቀረው 5.6 ቮልት፣ ማለት ከባትሪው ኃይል ግማሽ የሚጠጋው፣ በከንቱ ይባክናል። ሦስት ቢያያዙ ደግሞ የሚተርፈው 2.4 ቮልት ብቻ ነው፤ ቺፑና ሬዚስተሩ በአንድነት 3 ቮልት ያህል ስለሚሹ ብርሃኑ ከባትሪው ድካም ጋር ይደበዝዛል።

ሁለተኛው ኤ ኤም ሲ 7135 ነው። ይህ ያለ ሬዚስተር ኮረንቲውን በ350 ሚሊ አምፔር ይወስናል፤ አንድ የሊቲየም ባትሪና አንድ ኤል ኢ ዲ ላለው የእጅ ባትሪ ተስማሚ ነው። ነገር ግን ከ6 ቮልት በላይ እንዲሠራ አልተዘጋጀምና ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ማገናኘት አይገባም።

ሦስተኛው ፒ ቲ 4115 ሲሆን፣ ከ6 እስከ 30 ቮልት ይቀበላል። ኮረንቲውን በየሴኮንዱ ብዙ ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ስለሚመጥን የሚያባክነው ኃይል ጥቂት ነው። የኮረንቲው መጠን የሚወሰነው 0.1 ቮልትን ለሬዚስተሩ ኦም በማካፈል ነው፤ 0.3 ኦም ቢሆን 333 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። ባለ68 ማይክሮ ሄንሪ ኮይል፣ ሾትኪ የተባለ ፈጣን ዳዮድና ካፓሲተር ስለሚታከሉለት ወጪውና ድካሙ ይበልጣል። ሆኖም ኤል ኤም 317 ሁለት ኤል ኢ ዲ ለማብራት ከባትሪው ከሚወስደው ባነሰ ኮረንቲ ይህ ሦስቱን ያበራል። ለ12 ቮልት ባትሪ የሚመረጠውም ይኸው ነው።

ይህ ቺፕ ቮልት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ስለዚህ ተከታትለው የተያያዙት ኤል ኢ ዲዎች የሚወስዱት ቮልት ከደከመው ባትሪ ቮልት ማነስ አለበት። ከበለጠ ቮልት ከፍ የሚያደርግ ሌላ ዓይነት ቺፕ ያሻል። ከ220 ቮልት መስመር ጋር በቀጥታ የሚገናኘውን ግን በቤት ለመሥራት መሞከር ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

በመጨረሻም፣ በቺፑ ጀርባ የታተመው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ብዙ ከማዘዝ በፊት ጥቂት አስመጥቶ፣ አንዱን ገጣጥሞ፣ ኮረንቲውን አንድ ጊዜ በ11፣ አንድ ጊዜ በ14.4 ቮልት መለካት ብልኅነት ነው። ሁለቱ ልኬቶች እጅግ ከተቀራረቡ ዕቃው ለሽያጭ ይበቃል፤ ከተራራቁ ግን ኪሳራው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ይቀራል።