የከበደውን መክፈል፥ የተከፈለውን ማጋጠም

ለመሥሪያ ቤታችን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይሠራልን የሚል አሳብ በስብሰባ ላይ በተነሣ ቍጥር፥ ብዙውን ጊዜ ለባለሙያው የሚነገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ሥራችንን የሚያቀላጥፍ ይሁን» የሚል ነው። ይህ ምኞት ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ሠሪው ምን እንደሚሠራ፥ አሠሪውም ምን እንደሚረከብ ከዚህ ቃል ሊያውቅ አይችልም። የሚወጣው ገንዘብ የሕዝብ ነው፤ ጕዳቱም የሚወድቀው በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ በሚጠብቀው ባለጉዳይ ላይ ነው።

መድኀኒቱ አዲስ አይደለም። የፈረንሳዩ ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ፥ አስቸጋሪ ነገር የገጠመው ሰው ነገሩን በተቻለ መጠን ወደ ትንንሽ ክፍሎች እንዲከፋፍለው መክሯል። የእኛም አባቶች ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው ብለዋል።

ለምሳሌ የልደት ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ቢሮ አለ እንበል። ሥራውን በአራት ብንከፍለው፥ አንደኛው ማመልከቻ መቀበል፥ ሁለተኛው ማስረጃውን መመርመር፥ ሦስተኛው ክፍያ መቀበል፥ አራተኛው ወረቀቱን ዐትሞ መስጠት ይሆናል። ከዚያም ስለ እያንዳንዱ ክፍል፥ ምን ይገባለታል? ምን ሠርቶ ያወጣል? ኀላፊው ማን ነው? የጐደለ ነገር ቢኖር ምን ይደረጋል? ብለን እንጠይቃለን። ለነዚህ ጥያቄዎች በአጭር ቃል መልስ ያልተገኘለት ክፍል ካለ፥ ገና መከፈል የሚገባው ነገር በውስጡ አለ ማለት ነው።

ነገር ግን መክፈል ብቻውን አይበቃም። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በክፍሎቹ ውስጥ ሳይሆን በመጋጠሚያቸው ላይ ነው። ማመልከቻ የሚቀበለው ክፍል የልደቱን ዘመን በእኛ አቆጣጠር 2010 ብሎ ሲመዘግብ፥ የሚያትመው ክፍል ቍጥሩን እንደ አውሮፓውያን ዘመን ቢያነበው፥ ሕፃኑ ባንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። በጳጕሜን የተወለደውማ፥ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ በሚያውቅ ፕሮግራም ዘንድ የልደት ቀን የለውም። ሁለቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው የታዘዙትን ሠርተዋል፤ በመካከላቸው የሚተላለፈው ነገር ግን በጽሑፍ አልተወሰነም።

እንዲህ ያለው ስሕተት በታላላቆቹም ዘንድ ደርሷል። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ታኅሣሥ 2 ቀን 1991 ዓ.ም. ወደ ማርስ የላከው «ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር» የተባለው መንኰራኵር ከዘጠኝ ወር ጕዞ በኋላ መስከረም 12 ቀን 1992 ዓ.ም. ጠፋ። ምርመራው እንዳሳየው፥ በምድር ላይ ከሚሠሩት ፕሮግራሞች አንዱ የመንኰራኵሩን ሞተሮች ግፊት በእንግሊዞች መለኪያ በፓውንድ-ሰከንድ አስልቶ ያወጣ ነበር፤ ቍጥሩን ተቀብለው መንገዱን የሚያሰሉት ባለሙያዎች ግን የተሰጣቸው በኒውተን-ሰከንድ መስሏቸው ነበር። በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ያለው ልዩነት 4.45 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ከማርስ ገጽ በላይ 226 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ማለፍ የነበረበት መንኰራኵር ወደ 57 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ገባ። ከሁሉ የሚያስደንቀው፥ ግፊቱ በኒውተን-ሰከንድ ይገለጽ የሚለው መመሪያ አስቀድሞ ተጽፎ የነበረ መሆኑ ነው። የተሠራው ከተጻፈው ጋር መስማማቱ ግን በሚገባ አልተፈተነም።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩትና ነገም የሚጀምሩት ወጣቶች፥ ለፕሮግራም ሠሪ ትእዛዝ ከመስጠታቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እናሳስባለን። መጀመሪያ ሥራውን ይክፈሉ። ቀጥሎም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚተላለፈውን ነገር በምን መለኪያና በምን ዘመን አቆጣጠር እንደ ሆነ ለይተው ይጻፉ። በመጨረሻም ከመረከባቸው በፊት አንድ እውነተኛ ማመልከቻ ከመጀመሪያው መስኮት እስከ መጨረሻው ድረስ አሳልፈው ይሞክሩት። ለዚህ የኮምፒዩተር ሊቅነት አያስፈልግም፤ ከባለጉዳዩ ጋር አንድ ቀን ተሰልፎ ሥራውን በዐይን መከታተል ይበቃል።