ዕጣ የወጣለት ሌላ፣ የሚኖርበት ሌላ

ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ። ከእነዚህ የአዲስ አበባ ዳር የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ወደ አንዱ ሄዳችሁ፣ የአንዱን ብሎክ ደረጃ እየወጣችሁ በየበሩ «ቤቱ የራስዎ ነው?» ብትሉ «አይ፣ ተከራይ ነኝ» የሚለውን መልስ ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። ቤቶቹ ግን የተሠሩት ቤት ለሌለው ሰው በዕጣ ሊሸጡ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ተከራይ ከየት መጣ? ባለቤቶቹስ የት ገቡ? ስለ ከተማችን ከሚነሱ ጥያቄዎች የዚህን ያህል የሚመስጠኝ የለም፤ እስቲ አብረን እንየው።

ነገሩ ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሰናል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ቤት እያከራዩ መተዳደርም ቀረ። በወር እስከ 100 ብር ይከራዩ የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሚያወጡት ደግሞ «ኪራይ ቤቶች» ለምንለው መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ኪራይም ተቀነሰ። ለተከራዩ እፎይታ ነበር፣ ይህን ማቃለል አይገባም። ግን ለማከራየት ብሎ ቤት የሚሠራ ጠፋ፤ ቀበሌውም በሚሰበስበው ሳንቲም ጣሪያ መቀየር ተሳነው። ሰው እየበዛ፣ ቤት እያረጀ ዓመታት አለፉ።

ኮንዶሚኒየም የመጣው በዚህ ችግር ላይ ነው። በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ፣ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ ሰፊ ፕሮግራም ሆነ። በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚባሉ አማራጮች ምዝገባ ሲከፈት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው ራሱ የሚቆጥበውን፣ ሁለተኛው ባንክ የሚያበድረውን ድርሻ ያሳያል። 10/90 በተለይ የወር ገቢያቸው ከ1,200 ብር በታች ለሆነ ሰዎች የታሰበ ነበር። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ተይዟል፤ ብዙ እናቶች በስማቸው ቤት ያገኙት በዚህ ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ! ዕጣ ወጣ እንበል። ደስታው ሳያልቅ ሦስት ወጪዎች በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። ቤቱ የሚሰጠው ብዙ ሥራ ሳይጨረስለት ስለሆነ ወለሉ፣ ቀለሙ፣ ኪችኑ የባለዕድሉ ዕዳ ነው። ባንኩ የወር ክፍያውን ይጠብቃል። ሳይቱ ደግሞ ከሥራ ቦታ ሩቅ ነው፤ ፒያሳ ወይም መርካቶ እየሠራ ለሚኖር ሰው የታክሲና የአውቶቡስ ወጪው ብቻ ደመወዝ ይበላል። ጉሊት ቸርችራ፣ ልብስ አጥባ የምትኖር ሴት ደግሞ ደንበኞቿን ጥላ ነው የምትሄደው።

በሌላ በኩል የባንኩ ክፍያ የተሰላው በቤቱ መሥሪያ ዋጋ ነው፤ ኪራይ ግን ገበያው ባደረሰው ይሄዳል። ለማሳያ ብቻ፣ የባንኩ ክፍያ 2,000 ብር፣ ኪራዩ 8,000 ብር ቢሆን ባለዕድሏ ሴት በየወሩ 6,000 ብር ይተርፋታል። በዚያ ላይ መሃል ከተማ በአንዲት ሰርቪስ ክፍል ርካሽ ኪራይ እየከፈለች፣ ሥራዋም ጎረቤቶቿም ዕድሯም ሳይነኩባት ትኖራለች። ኮንዶሚኒየሙን ማከራየት ይህን ያህል ያዋጣል። ቤቱን ለመሸጥ የአምስት ዓመት ገደብ አለበት፤ ማከራየት ግን አልተከለከለም። ስለዚህ አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ አከራይም ተከራይም ትሆናለች።

አንዳንዶች ይህን ሲያዩ «ቤት ያልቸገረው ነው የወሰደው» ይላሉ። ከአንድ በላይ ቤት በዘመድ ስም የያዘ፣ በውክልና የገዛ የለም አልልም። ነገር ግን ነገሩን በዚህ ብቻ መመዘን ስህተት ይመስለኛል። ብዙው አከራይ ቤቱን የሚያከራየው ቤቱን ላለማጣት ነው። ኪራዩ ባይኖር ዕዳውን መክፈል አይችልም ነበር።

የሚመጣው ተከራይስ ማን ነው? አዲስ ተጋቢዎች፣ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ከክፍለ ሀገር ሥራ ፍለጋ የመጡና ስቱዲዮ ለሦስት ለአራት የሚካፈሉ ወጣቶች። አብዛኛው ብሎክ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ሆኖ ሊፍት የሌለው በመሆኑ፣ ውኃ በጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት የሚችል ጉልበት ያለው ሰው ላይኛውን በቅናሽ ያገኛል። የማዝንለት በየጊዜው ለሚነሳ ቤተሰብ ነው። አከራዩ «ጨምር ወይ ልቀቅ» ባለ ቁጥር ልጅ ከትምህርት ቤት ይወጣል፣ ደላላ ይከፈላል፣ ዕቃ ይጫናል። የጋራ ሕንፃም ይጎዳል፤ ነገ ልነሳ እችላለሁ የሚል ሰው ስለ ደረጃው መብራትና ስለ ፍሳሹ ስብሰባ ለመቀመጥ ልቡ አይነሳም፤ ባለቤቱ ደግሞ እዚያ የለም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የነካው ይህንኑ ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን ደነገገ። እኔ አዋጁን እደግፋለሁ፤ ለልጆች ሁለት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት መቆየት ትልቅ ነገር ነው። ጭንቀቴ በ1967 የታየው እንዳይደገም ነው፤ ጭማሪው ከኑሮ ውድነቱ በጣም ካነሰ የሚከራይ ቤት የሚሠራ ሰው ይቀንሳል፣ ወይም ወረቀቱ ላይ አንድ ዋጋ ተጽፎ በእጅ ሌላ ይሰጣል።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ቤት የምትከራዩ ከሆነ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፣ ወረዳ ወስዳችሁ አስመዝግቡ፣ ኪራዩን በባንክ ክፈሉ። የምታከራዩም እንዲሁ አድርጉ፤ እናንተም መሃል ከተማ የአንድ ሌላ ሰው ተከራይ ልትሆኑ ትችላላችሁና።