ኪፓንዴ፦ በአንገት የተንጠለጠለው ወረቀት

በዚህ እትም ስለ ኢምፔሪያሊዝም ዘመን እንጨዋወታለን። ይህ ርዕስ በክፍል ውስጥ ሲነሳ ከእኛ ልጆች የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም፤ ታዲያ ይሄ ታሪክ እኛን ምን ያገባናል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ሩቅ አገር ሳንሄድ ካሳራኒ ካለችበት ከናይሮቢ እንጀምር።

ከተማዋ እንዴት ተቆረቆረች?

ኢምፔሪያሊዝም ማለት ባጭሩ አንድ ኃይለኛ አገር የሌላውን ሕዝብ መሬት፣ ጉልበትና አስተዳደር በእጁ ሲያስገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 እና በ1885 የአውሮፓ መንግሥታት በርሊን ላይ ተሰብስበው አፍሪካን የሚቀራመቱበትን ደንብ አወጡ። በስብሰባው ላይ አንድም የአፍሪካ መንግሥት አልተወከለም። እንግሊዝ በ1895 ይህን አካባቢ «በሞግዚትነቴ ሥር ነው» አለች። በዓመቱ ከሞምባሳ ተነስታ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመረች። ለዚህ ሥራ ከሕንድ ወደ 32,000 ሠራተኞች መጡ፤ 2,500 ያህሉ ሞቱ። ሐዲዱ በ1899 ማሳዮች «ቀዝቃዛ ውሃ» ብለው ከሚጠሩት ረግረጋማ ሜዳ ሲደርስ የባቡር ጣቢያና የዕቃ ማከማቻ ተሠራ። ናይሮቢ እንዲህ ተቆረቆረች።

መሬት፣ ግብር፣ ጉልበት

ሐዲዱ ብዙ ገንዘብ በላ። ወጪውን ለመመለስ ነጭ ገበሬዎች እንዲሰፍሩ ተደረገ። በ1902 የወጣው ሕግ የአገሬውን መሬት የእንግሊዝ ዘውድ ንብረት አድርጎ ለሰፋሪዎች ለመስጠት በር ከፈተ። በ1915 ደግሞ ኪራዩ እስከ 999 ዓመት እንዲደርስ ተፈቀደ። ልብ በሉ፣ 999 ዓመት!

መሬት ግን ራሱን አያርስም። ሠራተኛ ከየት ይምጣ? ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ከ1901 ጀምሮ በየጎጆው ግብር ተጣለ፤ ቀስ በቀስም በጥሬ ገንዘብ ብቻ ይጠየቅ ጀመር። ከብትና እህል ያለው ሰው ጥሬ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ያለው መንገድ ነጩ እርሻ ሄዶ መቀጠር ነው። ስለዚህ ግብሩ የመንግሥት ገቢ ብቻ አልነበረም፤ ሰውን ከቤቱ ማስወጫ ዱላም ነበር።

ኪፓንዴ

ሰው ከተቀጠረ በኋላስ ጥሎ እንዳይሄድ ምን ተደረገ? በ1915 ሕግ ወጣ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ሥራ ላይ ዋለ። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ «ኪፓንዴ» የሚባል ወረቀት መያዝ ግድ ሆነበት። ስሙ፣ የጣት አሻራው፣ አሠሪውና ደመወዙ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ብዙዎች በትንሽ የብረት ማኅደር ከተው በአንገታቸው ያንጠለጥሉት ነበር። አሠሪው ፈርሞ ካላሰናበተው ሌላ ቦታ መቀጠር አይችልም። ሳይዝ የተገኘ ይቀጣል ወይም ይታሰራል። ነጮች ይህ ግዴታ አልነበረባቸውም።

ሕዝቡ ግን ዝም አላለም። ኪፓንዴንና የጎጆ ግብርን በመቃወም ሰው ያደራጀው ሃሪ ቱኩ በመጋቢት 1922 ታሰረ። ሕዝብ ናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ ፊት ተሰበሰበ። ወንዶቹ ወደ ኋላ ሲያመነቱ ሜሪ ሙቶኒ ንያንጂሩ የምትባል ሴት ወኔያቸውን ቀሰቀሰች። ተኩስ ተከፈተ፤ እርሷን ጨምሮ ከ20 በላይ ሰዎች ወደቁ። ከ30 ዓመት በኋላ የማው ማው ትግል ተቀጣጠለ፤ ኬንያም ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ነፃ ወጣች። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ ትግል ጊዜ ለተሠቃዩ 5,228 ኬንያውያን ካሣ ለመክፈል የተስማማው ግን በ2013 ነው። ብዙዎቹ ተጎጂዎች ያን ቀን ሳያዩ አልፈዋል።

ታዲያ እኛን ምን ያገባናል?

አድዋ በ1896 ከቅኝ ግዛት አዳነን፤ ከዘመኑ ግን አላወጣንም። በ1907 ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የድንበር ስምምነት የቦረናን ሕዝብ ለሁለት አገር ከፈለው፤ ሞያሌም ይኸው እስከ ዛሬ ድንበር ላይ አለች። ጣሊያን አገራችንን ከ1936 እስከ 1941 በያዘ ጊዜ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ተሰደዱ፤ እንግሊዞችም በኢሲዮሎ፣ በኋላም በታቬታ ካምፕ አስቀመጧቸው። በዚህ አገር በካምፕ የኖርን የመጀመሪያዎቹ ሐበሾች እኛ አይደለንም ማለት ነው።

የወረቀትንም ነገር እናውቀዋለን። በሚያዝያ 2014 በተደረገው የጸጥታ ዘመቻ ከየሰፈሩ የተያዙ ሺዎች፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎች፣ ወረቀታቸው እስኪጣራ በዚሁ በካሳራኒ ስታዲየም ቆይተዋል። የስደተኛ መታወቂያና ኪፓንዴ አንድ ናቸው አንልም። ኪፓንዴ የተሠራው ጉልበትን ለማሰር ነው፤ የስደተኛ መታወቂያ ደግሞ ከመባረር መጠበቂያ ነው። ዳሩ ግን ወረቀት እንደ አውጪው ሐሳብ ይጠብቃል ወይም ያስራል። ይህን ለይቶ ለማየት ነው ታሪክ የምንማረው።

ለክፍል ውይይት

1. ግብር ሰውን ወደ ሥራ የሚያስገድደው እንዴት ነው?
2. በእናንተ አካባቢ ድንበር የከፈለው ቤተሰብ አለ? ታላላቆቻችሁን ጠይቁና ጻፉ።
3. አንድ መታወቂያ የያዘውን ሰው እንዲጠብቅ ምን ምን መጻፍ አለበት? ምንስ መጻፍ የለበትም?

መምህራን ሆይ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ለመጨረሻ አቆዩት። ልጆቹ ብዙ የሚናገሩት እዚያ ላይ ነው።