ከታክስ ጋር የሚመጣው ድጎማ

አሜሪካ ውስጥ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ከሚሰጡት ትልልቅ የመንግሥት ድጎማዎች አንዱ የራሱ ቢሮ የለውም፤ ካርድም ወረፋም የለውም። ማመልከቻው የታክስ ፎርሙ ራሱ ነው። ለዚህም ነው በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው በፌብሩዋሪ መጨረሻ አካውንቱ ውስጥ የገባውን ገንዘብ «ሪፈንድ መጣልኝ» ብሎ ብቻ የሚያልፈው። ገንዘቡ ግን ከደመወዙ ተቆርጦ የተመለሰለት ብቻ ላይሆን ይችላል። አብዛኛው ኧርንድ ኢንካም ታክስ ክሬዲት የሚባለው ድጎማ ሊሆን ይችላል።

ክሬዲቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ በፈረሙት ሕግ ነው። ሐሳቡን የገፉት የሉዊዚያናው ሴናተር ራስል ሎንግ ለማይሠራ ሰው ገንዘብ መስጠትን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰው ነበሩ። ዝቅተኛ ተከፋዩ ግን ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ለሶሻል ሴኩሪቲ ይቆረጥበታልና፣ ቢያንስ እሱ ይመለስለት አሉ። ያኔ ትልቁ ክፍያ 400 ዶላር ነበር። በ2024 የታክስ ዓመት ልጅ ለሌለው እስከ 632፣ አንድ ልጅ ላለው 4,213፣ ሁለት ላለው 6,960፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ላለው 7,830 ደርሷል።

አሠራሩ ከሌላው እርዳታ ይለያል። ሌላው ደመወዝ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል፤ ይኼኛው መጀመሪያ ላይ አብሮ ያድጋል። ሁለት ልጅ ያለው ሰው በሠራው በእያንዳንዱ ዶላር 40 ሳንቲም ይታሰብለታል። ገቢው (በ2024) 17,400 ዶላር ሲደርስ ክሬዲቱ ጣሪያውን ይነካል፣ ገቢው ጥቂት እስኪጨምር እዚያው ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ያልሠራ አያገኝም። የሚከፈል ታክስ ቢኖር ከክሬዲቱ ይቀነሳል፣ የተረፈው በእጅ ይሰጣል።

አንድ የኡበር ሾፌር እንውሰድ። ባለትዳር ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ሚስቱ ቤት ናት፤ በ2024 የኩባንያው ድርሻ ተነሥቶ 52,000 ዶላር ገባለት። ለሥራ የነዳውን 30,000 ማይል በማስታወሻ ይዞ ከሆነ፣ በማይል 67 ሳንቲም ሲታሰብ 20,100 ዶላር ወጪ ይቀነስለታል። ክሬዲቱም ከሞላ ጎደል ሙሉው 6,960 ይሆናል። ማይሉን ካልመዘገበና ሌላ ወጪም ካላሳየ 3,000 አካባቢ ብቻ ያገኛል። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው 4,500 ገደማም ያለ ማስታወሻው ከ7,000 በላይ ይሆንበታል። አንድ ደብተር ይህን ያህል ያወጣል።

ብዙዎችን የሚያስከፋው የልጆች ጉዳይ ነው። ልጁ ከግማሽ ዓመት በላይ አሜሪካ ውስጥ አብሮ የኖረ፣ ለሥራ የሚያገለግል የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለው መሆን አለበት። አዲስ አበባ አያት ጋር ያለ ልጅ፣ አባቱ በየወሩ ትምህርት ቤቱንና ቀለቡን ቢከፍልለትም፣ ለዚህ ክሬዲት አይቆጠርም። ሕጉ የሚያየው ማን እንደሚያሳድግ ሳይሆን የት እንደሚያድር ነው። በኔ እምነት ጨካኝ መመዘኛ ነው።

«የእህትህን ልጅ እናስገባው፣ ሪፈንድህ ከፍ ይላል» የሚል ታክስ ሰሪ አይጠፋም። የእህት ልጅ በእርግጥ አብሮ የኖረ ከሆነ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ካልኖረ ግን ፎርሙ ላይ የፈረመው ባለጉዳዩ ነው፣ ተጠያቂውም እሱ። ገንዘቡን ከመመለስ አልፎ በግዴለሽነት ከተገኘ ለ2 ዓመት፣ በማጭበርበር ከሆነ ለ10 ዓመት ክሬዲቱን ይከለከላል። ታክስ ሰሪው ግን ክፍያውን ከሪፈንዱ ላይ አስቀድሞ ወስዷል።

ከእንዲህ ያለው ታክስ ሰሪ ለመዳን ቪታ የሚባል፣ በበጎ ፈቃደኞች በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት በቤተ መጻሕፍትና በማኅበረሰብ ማዕከላት አለ። ክሬዲቱን ጨርሶ የማይጠይቁም አሉ፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ.አር.ኤስ. ራሱ እንደሚለው፣ ክሬዲቱ ከሚገባቸው አምስት ሰዎች አንዱ ሳይጠይቀው ይቀራል። ገቢው ትንሽ ስለሆነ ታክስ የማሠራት ግዴታ የሌለበት ሰው ፎርሙን ካልሞላ አያገኘውምና። ያለፈው ዓመት ያመለጠውም ቢሆን፣ በዚያን ጊዜ መመዘኛውን ያሟላ ከነበረ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስገባት ይችላል።