ልብ ወለድ ከአሳታሚው በፊት አንባቢውን ሲያገኝ

በእንጦጦ ተራራ ላይ የሚገኘው የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጋርም ስሙ ይነሣል። በቤተ ክርስቲያኑ የሥዕል ሥራ እንደተሳተፉ የሚነገርላቸው የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ደርሰዋል። ኋላ "ጦቢያ" በሚል ስም የታወቀው ይህ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ግን በሮም ከተማ ነበር። ማተሚያ ቤት ቢያገኝም አንባቢው በባሕር ማዶ፣ በአገር ቤት ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ፊደል የቆጠረው ጥቂት ነበር።

የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ዝናን ቢያተርፍም፣ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ጭምር የደረሰው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር "ሌቱም አይነጋልኝ" ደግሞ ሳይታተም ለብዙ ዓመታት በቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቷል። መጽሐፉ ለኅትመት ሲበቃ አንባቢ አስቀድሞ ይጠብቀው ነበር።

ይህ ታሪክ ዛሬ ረቂቅ ይዞ አሳታሚ ለሚፈልግ ጀማሪ ደራሲ ትምህርት አለው። አሳታሚ ለወረቀትና ለኅትመት የሚያወጣው ገንዘብ እንዲመለስለት ይሻል፤ ስለዚህ ስሙ ካልተሰማ ደራሲ ይልቅ አንባቢ ያለውን ይመርጣል። በራሱ ወጪ የሚያሳትም ደራሲም፣ ገዢ ሳያዘጋጅ ካሳተመ መጽሐፉ በቤቱ ተከማችቶ ዕዳ ሊሆንበት ይችላል። አንባቢ የሚገኘው አጭር ታሪክን በጋዜጣና በመጽሔት በማውጣት፣ በሥነ ጽሑፍ ምሽት በማንበብ፣ ለአካባቢ ሬዲዮ ትረካ በማቅረብና በቴሌግራም ምዕራፍ በማካፈል ነው። ትረካ በተለይ በእርሻና በቤት ሥራ ላይ ላለ አድማጭ ይመቻል።

ሥራዬ ይሰረቃል የሚለው ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በጽሑፍ የሰፈረን ሥራ ባይታተምም ይጠብቃል፤ ጥበቃውም በደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይዘልቃል። ለጥንቃቄ ደራሲው ቀን ያለበት ቅጂ ያስቀምጥ፤ ጥቂት ምዕራፎችን ብቻ ያካፍል፤ ከጣቢያ ጋር ሲዋዋልም ፈቃዱ ለትረካ ብቻ መሆኑን በጽሑፍ ያስፍር። እንዲህ ሲሆን የኅትመት መብቱ በእጁ እንዳለ፣ አድማጭና አንባቢ ይዞ ወደ አሳታሚው ይቀርባል።