መሬት ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ትምህርት ቤት

ባንግላዴሽ ውስጥ ደሴት ይወለዳል፤ ደሴት ይሞታል። ከሂማላያ የሚወርደው ብራህማፑትራ ድንበር ተሻግሮ ጃሙና የሚለውን ስም ሲይዝ፣ ተሸክሞት የመጣውን ደለል እዚህም እዚያም ይከምረዋል። ክምሩ ከውሃው በላይ ብቅ ሲል ሣር ያበቅላል። ብዙም ሳይቆይ መሬቱን ወንዝ የወሰደበት ገበሬ ላሙን፣ ልጆቹንና የቤቱን ቆርቆሮ በጀልባ ጭኖ ይደርሳል። የአገሩ ሰው እንዲህ ያለውን ደሴት «ቻር» ይለዋል። ዓመታት ሲያልፉ ያው ወንዝ የቻሩን ዳርቻ እየገመሰ ይበላዋል፤ ገበሬውም እንደገና ይጭናል። በዕድሜው ደጋግሞ ቤቱን የነቀለ ሰው እዚያ ብርቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ትምህርት ቤት እንሥራ ቢባል ምን ይደረጋል? በድንጋይና በሲሚንቶ የቆመው ከነጥቁር ሰሌዳው ወንዝ ይገባል። ነገ መኖሩ ለማይታወቅ መሬት ደግሞ በጀት የሚመድብ በቀላሉ አይገኝም።

ሩና ካን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ፍሬንድሽፕ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራውን የጀመረው በሕክምና ነበር። ኢቭ ማር የተባሉ ፈረንሳዊ ከአገራቸው ድረስ ያመጡትን የወንዝ መርከብ ሆስፒታል አድርጎ በቻሮቹ መካከል ያመላልስ ጀመር። በኋላ ወደ ትምህርት ሲገባ የሠራው ነገር እኔን እጅግ ያስደንቀኛል፤ የሚፈታ ትምህርት ቤት ሠራ። ወንዙ ዳርቻውን መቦርቦር ሲጀምር ቆርቆሮው ይወርዳል፣ ግድግዳው ይነቀላል፣ ምሰሶው ይነሣል። ሁሉም ጀልባ ላይ ይጫንና ሕዝቡ በሠፈረበት ሌላ ቻር ላይ ይተከላል። ጎጆውን በግመል ጭኖ የሚጓዝ አርብቶ አደር ያየ የአገራችን ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

የባሰው ችግር መምህሩ ነው። ከፍ ያለውን ክፍል የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያለ ደሴት ላይ ኑር ቢባል ስንት ዓመት ይቆያል? ድርጅቱ ዋና ከተማው ዳካ ያሉ መምህራን ትምህርታቸውን በቪዲዮ እንዲቀርጹ አደረገ፤ በቻሩ ላይ በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ስክሪን ለልጆቹ ይታያል። ቪዲዮ መምህርን እንደማይተካ አውቃለሁ። ግን የፊዚክስ መምህር ደርሶበት የማያውቅ ደሴት ላይ ለተቀመጠች ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላ መፍትሔ ከዳካ አቅራቢያ አለ። በእንግሊዝ አገር ሲሠሩ ኖረው የተመለሱ አንዲት መምህርት በጡረታ ገንዘባቸው ትምህርት ቤት ሊያሠሩ ወንዝ ዳር መሬት ገዙ፤ መሬቱ ግን በዓመት ለወራት ውሃ ውስጥ ነው። አርክቴክቱ ሳይፉል ሐቅ ውሃውን በአፈር ሙሌት ለመግፋት አልሞከሩም። ክፍሎቹን በቀርከሃ ሠርተው ከሥር ባዶ የብረት በርሜሎች አሰሩባቸው። በበጋ ትምህርት ቤቱ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ክረምት ሲገባ እንዳለ ከውሃው ጋር ከፍ ይላል፣ ውሃው ሲጎድል ተመልሶ ይወርዳል። ይህ ቀርከሃና በርሜል እ.ኤ.አ. በ2019 የአጋ ካን የሥነ ሕንጻ ሽልማት አግኝቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ሙሐመድ ረዝዋን የተባሉ ሌላ አርክቴክት ጀልባውን ራሱን የመማሪያ ክፍል አድርገውታል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ባንግላዴሽን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በደቡብ ኦሞ የዳሰነች ወረዳ የኦሞ ወንዝና የቱርካና ሐይቅ ሙላት በቅርብ ዓመታት ቀበሌዎችን ውጧል፣ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ሕዝብም አፈናቅሏል። ቀበሌ ሲዋጥ ትምህርት ቤቱም አብሮ ይዋጣል። እኛ ግን ትምህርት ቤት ስንል ዛሬም የምናስበው ብሎኬት፣ የመሠረት ድንጋይና ሪባን ነው። ከአሜሪካም ከአረብ አገርም ለትውልድ መንደር መዋጮ የሚልኩ ወገኖች ልባቸው ቅን ነው፤ ገንዘባቸውም በላብ የተገኘ ነው። ውሃ ሊወስደው አይገባም።

በሐይቅና በወንዝ ዳር ትምህርት ቤት ልታሠሩ ኮሚቴ ያቋቋማችሁ ሁሉ፣ ልመናዬ አንድ ነው። ቦታውን በበጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። በክረምት ሂዱ፤ ውሃው ባለፉት ዓመታት እስከ የት እንደደረሰ የመንደሩን ሽማግሌዎችና ታንኳ ቀዛፊዎችን ጠይቁ፤ መሐንዲሱንም ይዛችሁ ሂዱ።